ያልተሰማ እሪታ፦ የሳንባ ካንሰር የማስጠንቀቂያ ምልክቶች በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ይልቅ ለሕክምና ፋኩልቲ የሚገባ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዶክትሬቴን ያገኘሁት ከመዛግብት እንጂ ከሕሙማን አልጋ አጠገብ አይደለም። ነገር ግን ማንኛውም በሽታ ሁለት ታሪክ አለው። አንደኛው በሰውነት ውስጥ የሚካሄደው ነው፤ እርሱን ለሐኪሞች እተዋለሁ። ሁለተኛው በቋንቋ፣ በልማድ፣ በኑሮና በመንግሥት ፖሊሲ ውስጥ የሚካሄደው ነው፤ ይህ የእኛ የሥራ ድርሻ ነው።

የምከራከርለት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። በከተማችን የሳንባ ካንሰር ምልክቶች ዘግይተው የሚታወቁት ስለማይታዩ ብቻ አይደለም። ይታያሉ፤ ሲታዩ ግን የሌላ ነገር ምልክት ሆነው ይነበባሉ። ይህ አነባበብ ከስንፍና ወይም ከመሃይምነት የመጣ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ሠርቶ ያስረከበን ነው። ታሪኩን ካወቅን አነባበባችንን ማረም እንችላለን።

የዓለም አቀፍ ክንውኖችን ዘመን እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር የምጠቅስ ሲሆን፣ የአገራችንን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በሚለያዩበት ቦታ እገልጻለሁ።

1. ስለ አንድ ሰፈር ስም

ፒያሳን ተደግፎ ካሉት የአራዳ ሰፈሮች አንዱ እሪ በከንቱ ይባላል። ስለ ስሙ አመጣጥ በአፍ የሚተላለፈው ትረካ የታወቀ ነው። ሰፈሩ ገና ዱርና ገደል በነበረበት ዘመን መንገደኛ በወንበዴ ተይዞ «እሪ!» ቢል የሚደርስለት አልነበረም፤ ጩኸቱ ከንቱ ይቀራል ይባላል። ትረካው በሰነድ የሚረጋገጥ ነው ወይ የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወው። እኔን የሚስበኝ በስሙ ውስጥ የተቀመጠው ሐሳብ ነው። በባህላችን እሪታ ግዴታን ያስከትላል፤ የሰማ ጎረቤት ይደርሳል። ስለዚህ እሪታ ከንቱ የሚሆነው ጯሂው ዝም ሲል አይደለም። ሰሚ ሲጠፋ፣ ወይም ሰሚው ጩኸቱን ሌላ ድምፅ ነው ብሎ ሲያልፈው ነው።

ለሌላ ጥናት የዚህን ሰፈር አረጋውያን ሳነጋግር አንድ ጡረተኛ ስለ ሟች ባለቤታቸው የነገሩኝ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነው። ሴትዮዋ በማገዶ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ነበሩ፤ ሲጋራ በአፋቸው አልዞረም። በአንድ መስከረም ሳል ያዛቸው። «ብርድ ነው» ተባለ፤ ዳማከሴም ዝንጅብልም ተሞከረ። ሳሉ ሲሰነብት ወደ ሕክምና ሄደው አክታቸው ተመረመረና «ከቲቢ ነፃ ነዎት» ተባሉ። ቤቱ ደስ አለው፤ ቡና ተፈላ። ከወራት በኋላ ድምፃቸው ሻከረ፤ ጉንፋን ነው ተባለ። ትከሻቸውን አመማቸው፤ ምጣድና ማገዶ ያመጣው ነው ተብሎ ወጌሻ አሸው። ከሱ፤ ወሩ ዐቢይ ጾም ነበርና ጾሙ ነው ተባለ። ደከሙ፤ ዕድሜ ነው ተባለ። ደም የቀላቀለ አክታ ሲመጣ ሁሉም ደነገጠ፤ በራጅና በሌሎች ምርመራዎች በሽታው ሲታወቅ ግን ከሳንባ አልፎ ተሰራጭቶ ነበር።

ይህን ታሪክ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አንድም ምልክት ሳይታይ አልቀረም። ቤተሰቡ ሁሉንም አይቷል፤ ለእያንዳንዱም አሳማኝ ማብራሪያ ሰጥቷል። የጎደለው አምስቱን ማብራሪያዎች በአንድ መስመር አሰልፎ «እነዚህ ሁሉ የአንድ ነገር ቢሆኑስ?» ብሎ መጠየቅ ነበር።

2. አንድ ስም፣ ሁለት በሽታ

ከቋንቋ እንጀምር። «የጡት ነቀርሳ» ስንል ካንሰር ማለታችን ነው። «የማኅፀን ነቀርሳ»፣ «የደም ነቀርሳ» ስንልም እንዲሁ። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ግን ካንሰር ማለታችን አይደለም፤ ቲቢ ማለታችን ነው። ነቀርሳ የሚለው ቃል የሚበላ፣ የሚሰራጭና በቀላሉ የማይድን ቁስልን ወይም እብጠትን ሲያመለክት ኖሮ፣ በሳንባ ላይ ሲደርስ በባክቴሪያ የሚመጣውን ተላላፊ በሽታ ብቻውን ያዘ። ስለዚህ በአማርኛ የሳንባ ካንሰር በተወለደበት ቤት ስሙን ሌላ ወስዶበት አገኘው። ዛሬ «የሳንባ ካንሰር» የምንለው በባዕድ ቃል ነው፤ ቃሉም ከከተማና ከትምህርት ቤት ርቆ ሲሄድ ኃይሉ ይቀንሳል።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። ለአንድ ሰው «የሳንባ ነቀርሳ የለብህም» ቢባል፣ ሰሚው ሁለቱም በሽታዎች እንደሌሉበት ሊረዳ ይችላል። «ነፃ ነህ» የሚለው አገላለጽም ከዚህ ላይ ይጨመራል። በላቦራቶሪ ቋንቋ ትርጉሙ «በዚህ ናሙና ይህ ተሕዋስ አልተገኘም» የሚል ጠባብ ነገር ነው። በሕዝብ ጆሮ ግን «ነፃ» ሰፊ ቃል ነው፤ ከእስር፣ ከዕዳ፣ ከክስ መውጣት ነው። ነፃ የተባለ ሰው ወደ ፍርድ ቤት አይመለስም። ነፃ የተባለ ሳልም ወደ ሐኪም አይመለስም።

3. ከተማችን ሳልን እንዴት መስማት ተማረች?

የአዲስ አበባ የሳንባ ትዝታ ጥልቅ ነው። ዓለምን ያዳረሰው የ1918 ኢንፍሉዌንዛ ወደ ከተማችን የደረሰው በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ ስሙም «የኅዳር በሽታ» ሆኖ ቀረ። በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች አለቁ። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታምመው ከሞት ተርፈዋል። የዚያ መቅሠፍት መታሰቢያ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ ምፀት አለ፦ ስለ ሳንባ ያለን ትልቁ የጋራ ትዝታ ጭስን እንደ መድኃኒት የሚያይ ነው። ለጉንፋን የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠናችንም ከዚሁ የራቀ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሳል ታሪካችን በአብዛኛው የቲቢ ታሪክ ነው። ሮበርት ኮክ የበሽታውን ባክቴሪያ በ1882 ለይቶ አሳወቀ፤ የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ተገኘ። በእኛ ከተማ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በቲቢ ሕክምናው ነው። ሕሙማን በጤና ባለሙያ ክትትል መድኃኒት የሚወስዱበት ሥርዓት በ1992 (እንደ ኤሮፓውያን) በአርሲና በባሌ በሙከራ ተጀምሮ ወደ መላ አገሪቱ ተስፋፋ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም አንድ ቀላል ትምህርት ወደየቤቱ አደረሰ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ይመርመር።

ይህ ትምህርት ታላቅ ስኬት ነው፤ ብዙ ሕይወት አድኗል። ኢትዮጵያ ዛሬም ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው አገሮች ተርታ ናትና ሐኪም ሳል ሲሰማ አስቀድሞ ቲቢን ማሰቡ ትክክል ነው። በኤችአይቪ ዘመን ደግሞ አክታቸው ባክቴሪያ የማያሳይ የቲቢ ሕሙማን በመብዛታቸው፣ በራጅና በሐኪም ግምት ላይ ተመሥርቶ ሕክምና መጀመር የግድ ሆነ፤ ይህም ብዙዎችን ከሞት ታድጓል። ነገር ግን እያንዳንዱ ስኬት የራሱን ጥላ ይጥላል። ሳልን ከአንድ በሽታ ጋር አጥብቀን ስላገናኘነው፣ የሌላው በሽታ ምልክት በዚያው በር ገብቶ በዚያው በር ይወጣል። በራጅ ላይ የታየ ጥላ ቲቢ ነው ተብሎ፣ ሕመምተኛው ለወራት መድኃኒት ሲወስድ ዕጢው የሚያድግበት አጋጣሚ ቲቢ በበዛባቸው አገሮች ሁሉ የታወቀ ችግር ነው።

4. «ብርቅ በሽታ»

ለታሪክ ተማሪዎች እጅግ ጠቃሚ ወደ ሆነ ምሳሌ ልሻገር። በ1912 አይዛክ አድለር የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ስለ ሳንባ ካንሰር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በመግቢያውም ይህን ያህል ብርቅ ስለሆነ በሽታ ለመጻፍ ይቅርታ የመጠየቅ ያህል ይናገራል። ዛሬ ያ «ብርቅ» በሽታ በዓለም ላይ ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ነው፤ በ2022 ብቻ ወደ 2.5 ሚሊዮን አዲስ ሕሙማንና ወደ 1.8 ሚሊዮን ሞት ተገምቷል።

በመካከሉ ምን ሆነ? አንደኛ፣ በፋብሪካ የሚመረት ሲጋራ ዓለምን አዳረሰ። ሁለተኛ፣ ራጅና የሳንባ መመልከቻ መሣሪያ ተስፋፉ። ኤቫርትስ ግራም የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1933 የአንድ ሕመምተኛን ሙሉ አንድ ሳንባ አውጥቶ ከካንሰር አዳነው። ይኸው ሐኪም ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ ኤርነስት ዊንደር የተባለ የሕክምና ተማሪ «የሲጋራና የካንሰርን ግንኙነት እናጥና» ብሎ ሲመጣበትም ተጠራጥሮ ነበር። ውጤታቸው በ1950 ታተመ፤ በዚያው ዓመት በለንደን ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ተመሳሳይ ውጤት አሳወቁ። ግራም በ1957 በዚያው በሳንባ ካንሰር ሞተ። በ1933 ያዳነው ሕመምተኛ ግን ከእርሱ በኋላ ዓመታት ኖረ። ሁለቱን ሰዎች አነጻጽሩ፦ ሊቅ መሆን ከበሽታው አላዳነም፤ በሽታው ሊወጣ በሚችልበት ጊዜ መገኘቱ ግን አዳነ።

ከአድለር የምንማረው ስለ ምንጮች ነው። በአገራችን መዛግብት የሳንባ ካንሰር ከጡትና ከማኅፀን በር ካንሰር ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ሆኖ ይታያል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. (በ2011 እንደ ኤሮፓውያን) ነው። ምዝገባው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን የሚመዘግበው ታውቆ የመጣውን ነው። በ«ሳል»፣ በ«ብርድ» ወይም በ«ነቀርሳ» ስም ቤቱ የሞተው ሰው መዝገብ ውስጥ የለም። የሰነድ ዝምታ የክስተት አለመኖር ማስረጃ እንዳልሆነ በመጀመሪያ ዓመት የምናስተምረው ነገር ነው።

5. ጭሱ ከየት መጣ?

በአገራችን ትምባሆ ለረጅም ዘመን በሃይማኖትና በሥርዓት የተነወረ ነበር። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛም በአጫሾች ላይ እጅግ የከበደ ቅጣት ያስፈጽሙ እንደ ነበር ይነገራል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1942 (እንደ ኤሮፓውያን) የትምባሆ ሞኖፖል ሲቋቋም ግን መንግሥት ራሱ አምራችና ሻጭ ሆነ። ኒያላ የመሳሰሉ ሲጋራዎች የከተማ ኑሮ አካል ሆኑ፤ በፒያሳ ቡና ቤቶችና በውቤ በረሃ ምሽቶች ሲጋራ የዘመናዊነት ምልክት ተደርጎ ታየ፤ በጀብሎ ሻጭ እጅም በፍሬ ይሸጥ ጀመር። በ2016 እና በ2017 (እንደ ኤሮፓውያን) የድርጅቱን አብላጫ ድርሻ አንድ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ ገዛው።

የሕጉ ታሪክ ዘግይቶ ቢመጣም ጠንካራ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጸደቀች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ላሉ መሸጥን አገደ፤ የፓኬቱ 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዘዘ። በ2016 (እንደ ኤሮፓውያን) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ።

ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው፤ መልካም ዜና ነው። ሁለት ነገር ግን አንርሳ። የመጀመሪያው፣ ከማጨስ እስከ ካንሰር ያለው ርቀት በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የዛሬው ሕመምተኛ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሰነድ ነው። ሁለተኛው፣ ጭስ ሲጋራ ብቻ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ይህችን ከተማ ከማገዶ ረሃብ አዳነ፤ ጭሱንም በየማዕድ ቤቱ አስገባ። በተጠጋጉት የአራዳ ቤቶች፣ መስኮት በሌላቸው የጋራ ማዕድ ቤቶች፣ ያንን ጭስ ዕድሜ ልካቸውን የተነፈሱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስን ካንሰር ሊያመጡ እንደሚችሉ ከሚገመቱት፣ የተበከለ የውጭ አየርን ደግሞ በእርግጥ ከሚያመጡት መድቧል። ስለዚህ «አላጨስም» ማለት «አይመለከተኝም» ማለት አይደለም።

6. ምልክቶቹና ሁለተኛው ጥያቄ

ሐኪሞች የሚያስተምሯቸውን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች እኔ እንደ አንባቢ በቅደም ተከተል ላስቀምጣቸው። ሦስት ሳምንት አልፎት የማይለቅ ሳል፤ ለዓመታት የኖረ ሳል ባሕርዩን ሲለውጥ፤ ጥቂትም ቢሆን ደም ያለበት አክታ፤ ሲተነፍሱ፣ ሲስሉ ወይም ሲስቁ የሚብስ የደረት ወይም የትከሻ ሕመም፤ ቀድሞ ያልነበረ የትንፋሽ ማጠር፤ የማይመለስ የድምፅ መሻከር፤ እየተመላለሰ የሚይዝ የሳንባ ምች፤ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ድካም፤ የጣት ጫፍ ማበጥና የጥፍር መጉበጥ፤ የፊትና የአንገት እብጠት።

ከእነዚህ ብዙዎቹ የቲቢም ምልክቶች ናቸው። ማናቸውም ብቻውን ካንሰር ነው አያሰኝም፤ አብዛኛው ሳልም ካንሰር አይደለም። ስለዚህ የምጠይቀው ፍርሃትን አይደለም፤ ሁለተኛ ጥያቄን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቲቢ ነው ወይ?» የሚለው ነው፤ ይህን ከተማችን በሚገባ ተምራዋለች። ሁለተኛው «ቲቢ ካልሆነ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሳሉ እያለ «ነፃ ነህ» የተባለ ሰው ሳይዘገይ ተመልሶ ይህን ይጠይቅ። የቲቢ ሕክምና ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ መሻሻል ያላየም መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር። ቀድሞ ቲቢ የታመመ ሰው አዲስ ሳል ሲይዘው «ያው የድሮው ነው» ብሎ አይለፈው፤ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሳንባ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉና። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ በመሣሪያ ሳንባን መመልከትና ናሙና መውሰድ ነው።

በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ብዙ ባጨሱ ሰዎች ላይ በዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ስካን የሚደረግ ቅድመ ምርመራ በሳንባ ካንሰር የሚሞቱትን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ምርመራ በሌለን ጊዜ፣ ያለን የማስጠንቀቂያ ደወል የሰው ጆሮና ዓይን ነው። የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ በአንድ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደ ነበር ካስታወስን፣ ዘግይቶ መድረስ ለሀብታም አገር ከሚያስከፍለው በላይ እኛን እንደሚያስከፍለን እንረዳለን።

በመጨረሻ ስለ ጆሮ አንድ ነገር ልጨምር። በተጠጋጋ ግቢ ውስጥ ሳል የግል ጉዳይ አልነበረም። ጎረቤት በግድግዳ ይሰማዋል፤ የዕድር ሰው በለቅሶ ላይ ያየዋል፤ «አንቺ፣ ይህ ሳልሽ አልበዛም?» ይባል ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳና አካባቢዋ በመልሶ ግንባታ ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲበተኑ፣ አብሮ የተበተነው አንዱ ነገር ይህ ጆሮ ነው። አዲሱ ኮንዶሚኒየም ጭስ የሌለው ማዕድ ቤት ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ግን ወፍራም ግድግዳም አብሮ ሰጥቷል። ስለዚህ ቀድሞ ጎረቤት ያደርገው የነበረውን ዛሬ የቤተሰብ አባል፣ የሥራ ባልደረባና መምህር ሊያደርገው ይገባል።

ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጥቼ ላብቃ። በዚህ ሳምንት ወደ ቤታችሁ ስትደውሉ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ስለ ሳላቸው ጠይቁ። «ብርድ ነው» ካሉ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። የታሪክ ሰው ሥራው ዘመን መጠየቅ ነውና። መልሱ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሆነ፣ ቀጠሮ ያዙላቸው።